ምዕራፍ ስድስት፦ ጆሮ ገጽ አይገልጥም

«ዘ ማርሺያን» ማርስ ላይ ብቻውን የቀረ ጠፈርተኛ ታሪክ ነው። ደራሲው አንዲ ዊር መጀመሪያ በራሱ ድረ ገጽ ላይ በተከታታይ በነፃ አወጣው፤ በ2011 ደግሞ በ99 ሳንቲም የሚሸጥ የኪንድል መጽሐፍ አደረገው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በወረቀት ታትሞ በትልቅ አሳታሚ በኩል ገበያ ላይ የዋለው በ2014 ነው። የድምፅ መጽሐፉ ግን ቀድሞት በ2013 ወጥቶ ነበር፤ ተራኪው አር ሲ ብሬይ ይባላል። በ2020 የብሬይ ቅጂ ተነሥቶ ተዋናዩ ዊል ዊተን የተረከው ሌላ ቅጂ ተተካ።

ታሪኩ ያው ነው፤ ደራሲውም ቀልዱም ያው። የአድማጩ አስተያየት ግን ለሁለት ተከፈለ። ብሬይን ቀድመው የሰሙ ብዙዎች ዋናው ገጸ ባሕርይ ማርክ ዋትኒ ሌላ ሰው የሆነባቸው ያህል ቅር ተሰኙ። ከዊተን የጀመሩት ደግሞ ቅሬታው ከየት እንደመጣ አልገባቸውም። አማርኛ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ የሰማ ሰው፣ ኋላ መጽሐፉን ገዝቶ ሲያነብ እንኳ ጉዱ ካሣ የሚናገረው በወጋየሁ ድምፅ ነው።

ታዲያ አድማጭ «ግሩም መጽሐፍ ነው» ወይም «አሰልቺ ነው» ሲል የሚፈርደው በምን ላይ ነው? በደራሲው? በተራኪው? ወይስ ሲሰማ በነበረበት ሁኔታ? ጥያቄውን ለመመርመር ሁለት ዘርፎች ከሌሎች ይልቅ ይመቻሉ፦ ታሪክና ሳይንሳዊ ልብ ወለድ።

ሁለቱም ባዕድ አገር

በመጻሕፍት መደብር ውስጥ እነዚህ ሁለት ዘርፎች ጎን ለጎን አይቀመጡም። አንዱ ሆኖ ያለፈውን ይናገራል፤ ሌላው ያልሆነውን ምናልባትም ፈጽሞ የማይሆነውን። ለጆሮ ግን የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። በዛሬዋ አዲስ አበባ የሚካሄድ የፍቅር ልብ ወለድ የሚያዳምጥ የከተማው ልጅ ግማሹን ዓለም ከራሱ ይዞ ይመጣል፤ ታክሲው፣ ካፌው፣ የቤት ኪራዩ አይብራራለትም። የሮምን ሴኔት ወይም አራኪስ የተባለችውን በረሃማ ፕላኔት የሚያዳምጥ ሰው ግን ባዶ እጁን ነው የሚገባው። ስሙ፣ ማዕረጉ፣ ርቀቱ፣ ሕጉ፣ ማን ለማን እንደሚገብር ሁሉ አዲስ ነው። ሠርግ ቤት ደርሶ ሃያ የሙሽራውን ዘመዶች በአንድ ጊዜ የተዋወቀ እንግዳ የሚሆነውን ይሆናል፤ ሁሉንም ሰላም ብሏል፣ አንዱንም በስሙ አይጠራም።

የታተመ መጽሐፍ ለዚህ ችግር መላ አለው። የታሪክ መጽሐፍ ካርታ፣ የትውልድ ሐረግ፣ የግርጌ ማስታወሻና ማውጫ ይዞ ይመጣል። የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» በ1965 ሲታተም ከኋላው የቃላት መፍቻ ተያይዞለት ነበር። የቻይናዊው ሊዩ ሲሺን «ሦስቱ አካላት» የሚል ስም ሊሰጠው የሚችለው ልብ ወለድም በእንግሊዝኛ ሲወጣ መግቢያው ላይ የገጸ ባሕርያት ዝርዝር አለው። መጽሐፉ ወደ ድምፅ ሲዞር እነዚህ ረዳቶች በሙሉ ይቀራሉ። ቢበዛ በፒዲኤፍ ተያይዘው ይላካሉ፤ መሪ የጨበጠ ወይም ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ግን ፒዲኤፍ አይከፍትም።

በሁለቱም ዘርፎች ተደጋግሞ የሚሰማው ቅሬታ አንድ ዓይነት የሆነው ለዚህ ነው፦ ስሞቹ ተምታቱብኝ፤ ማን ማን እንደሆነ ጠፋብኝ፤ ደግሜ ማዳመጥ ነበረብኝ።

ጆሮ የሚችለውና የማይችለው

ዓይን ሲያነብ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም። የንባብ ተመራማሪዎች የዓይንን እንቅስቃሴ ሲለኩ፣ ከመቶው የዓይን ዝላዮች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ወደ ኋላ፣ ወደ ተነበበው ቃል የሚመለሱ ሆነው ያገኟቸዋል። አንባቢው ይህን እያደረገ መሆኑን አያውቅም። ስም ሲጠፋው አንድ መስመር ወደ ላይ ያያል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲከብደው ይቆማል፤ ሲቀለው ይሮጣል። አድማጩም 15 ሰከንድ ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉን ለመጫን ግን መጀመሪያ መጥፋቱን ማወቅ አለበት፤ ከዚያም እጁን ከሥራው ማንሳት። ዓይን በሰከንድ ክፍልፋይ፣ ሳይታዘዝ የሚሠራውን ጆሮ በፈቃድና በድካም ነው የሚሠራው።

ፍጥነትም አለ። በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ያልሆነ ጽሑፍ በዝምታ የሚያነብ አዋቂ በደቂቃ በአማካይ 238 ያህል ቃላት ያነባል። የድምፅ መጽሐፍ ተራኪ ደግሞ በደቂቃ 150 ገደማ ይናገራል። ጆሮ ከዓይን ይዘገያል፤ ፍጥነቱንም በመሠረቱ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ብዙ አድማጮች ፍጥነቱን ወደ 1.25 ወይም 1.5 ከፍ የሚያደርጉት ቀላሉ ቦታ ስለሚጎተትባቸው ነው፤ ከባዱ ቦታ ሲመጣም በዚያው ፍጥነት ያልፋቸዋል።

ይህ ማለት ጆሮ ደካማ ነው ማለት ነው? በ2016 ቤዝ ሮጎውስኪና ሁለት ባልደረቦቿ ይህን ፈተኑ። 91 አዋቂዎችን በሦስት መድበው ከአንድ መጽሐፍ የተወሰደ ክፍል ሰጧቸው፤ አንዱ ቡድን አዳመጠ፣ ሁለተኛው በስክሪን አነበበ፣ ሦስተኛው እያነበበ አዳመጠ። ወዲያውኑም ከሁለት ሳምንት በኋላም ሲጠየቁ በሦስቱ መካከል ይህ ነው የሚባል የመረዳት ልዩነት አልታየም። በሌላ በኩል በ2010 ዴቪድ ዳንኤልና ዊልያም ዉዲ ባወጡት ጥናት፣ አንድን የሥነ ልቦና ጽሑፍ በፖድካስት ያዳመጡ ተማሪዎች ጽሑፉን ካነበቡት በፈተና በግልጽ አንሰው ተገኙ።

ሁለቱ ጥናቶች የተጋጩ ይመስላሉ፤ ለአድማጮቹ የተሰጠውን ስናይ ግን ነገሩ ይፈታል። ሮጎውስኪ የተጠቀመችው የላውራ ሂለንብራንድን «አንብሮክን» ነው። መጽሐፉ በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ የሮጠው ሉዊ ዛምፔሪኒ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኑ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ወድቆ፣ 47 ቀን በጀልባ ተንሳፎ፣ በጃፓኖች እጅ የወደቀበት ታሪክ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ የሕይወት መስመር፣ ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ጊዜ። የ2010ሩ ጽሑፍ ግን ሐሳብ በሐሳብ ላይ የሚደራረብበት የትምህርት ጽሑፍ ነበር። ቨርጂኒያ ክሊንተን ሊሴል በ2022 ባወጣችው፣ 46 ጥናቶችን በአንድ ላይ በመረመረ ሥራም ውጤቱ ወደዚሁ ያመዝናል፦ በጥቅሉ በማንበብና በማዳመጥ መካከል ልዩነት የለም፤ አንባቢው ፍጥነቱን ራሱ ሲወስንና በግልጽ ያልተጻፈውን አገናኝቶ መረዳት ሲያስፈልግ ግን ንባብ ይበልጣል።

እንግዲህ ጆሮ ታሪክ አይከብደውም፤ የሚከብደው ቆም ብሎ ማገናኘት ነው። የታሪክና የሳይንሳዊ ልብ ወለድ አድማጮች የሚሰጡትን አስተያየት በዚህ መነጽር ካየነው ብዙው ግልጽ ይሆናል።

ዘጠኝ ነገሥታት በአንድ መንገድ

የባርባራ ተክማን «ዘ ገንስ ኦፍ ኦገስት» በ1962 የወጣ፣ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ፣ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የመጀመሪያ ሳምንታት የሚተርክ መጽሐፍ ነው። የሚከፈተው በግንቦት 1910 ለንደን ውስጥ በንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ቀብር ነው። ዘጠኝ ነገሥታት በፈረስ ሬሳውን ይከተላሉ፤ ከኋላቸው አልጋ ወራሾችና ልዑላን ይግተለተላሉ። በወረቀት ላይ ሲታይ ለጆሮ የማይሆን የስም ጎርፍ ነው። ሲሰማ ግን ይያዛል።

ለምን? ስሞቹ በዝርዝር ስላልመጡ ነው። ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ጠዋት፣ ለአንድ ሬሳ ተሰልፈዋል፤ ብዙዎቹም ለሟቹ ዘመዶች ናቸው። የጀርመኑ ካይዘር ቪልሄልም የሟቹ የእህት ልጅ ሲሆን፣ የብሪታንያን ፊልድ ማርሻል ቀይ የደንብ ልብስ ለብሶ ከአዲሱ ንጉሥ ከአጎቱ ልጅ ከጆርጅ ጎን ይጋልባል። አድማጩ ከአራት ዓመት በኋላ የሚመጣውን ያውቃል፤ ዘመዳሞቹ ጎን ለጎን ሲጋልቡ ጆሮው የሚቆመው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ስም በዝምድና፣ በልብስ፣ በቂም ተይዟል።

በኋለኞቹ ምዕራፎች፣ የጀርመን ጦር በቤልጂየም ሲዘልቅ፣ ነገሩ ይለወጣል። ሊዬዥ፣ ናሙር፣ የመዝ ወንዝ፤ አንደኛው ጦር በክሉክ፣ ሁለተኛው በቢሎ፤ ማን ወደ ቀኝ ዞረ፣ ማን ወደ ግራ። ደራሲዋ የመጻፍ ችሎታዋ አልቀነሰም። ካርታ ያልያዘ አድማጭ ግን እዚህ ላይ ድምፁን እየሰማ ሐሳቡን ያጣል። ጦርነትን የሚተርኩ የድምፅ መጻሕፍት ሁሉ ይህ ዕዳ አለባቸው። ምክንያትና ውጤት በጆሮ ይከተላል፤ ግራና ቀኝ ግን ዓይን ይፈልጋል።

የታሪክ አድማጭ ከተራኪው የሚፈልገውም የተለየ ነው። ዊልያም ሻይረር በ1960 ያወጣው የናዚ ጀርመን ታሪክ በግሮቨር ጋርድነር ድምፅ ከ50 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ያን ያህል ጊዜ አብሮ የሚዘልቅ ድምፅ ረጋ ያለ እንጂ ትወና የበዛበት እንዲሆን ብዙ አድማጭ አይፈልግም። ተራኪው የቸርችልን አነጋገር መኮረጅ ሲጀምር አንዳንዱ ይደሰታል፤ ሌላው የታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን ተውኔት የሚሰማ መስሎት ይሸሻል።

ከሁሉ የሚከፋው የስም አጠራር ስሕተት ነው። ስለ ዓድዋ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ ተቀድቶ ተራኪው «ጣይቱ» የሚለውን ስም እንዳልሆነ አድርጎ ቢጠራው፣ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ተቀምጦ የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ጆሮው ወዲያው ይቆማል። ጥፋቱ የተራኪው ነው፤ ጥርጣሬው ግን ወደ ታሪክ ጸሐፊው ይሻገራል፤ ስሙን ያልቻሉ ሰዎች ነገሩን እንዴት ቻሉት ይላል። ታሪክ የሚቆመው በአመኔታ ላይ ስለሆነ አንድ የተበላሸ ስም ከአንድ ቃል በላይ ያስከፍላል።

የሮኪ ዜማ

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ከጆሮ ጋር የቆየ ወዳጅነት አለው። ኦርሰን ዌልስ የኤች ጂ ዌልስን «የዓለማት ጦርነት» በሲቢኤስ ሬዲዮ በዜና ዘገባ መልክ ያቀረበው በኦክቶበር 30 ቀን 1938 ነው። የዳግላስ አዳምስ «ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ» በ1978 በቢቢሲ ሬዲዮ ተጀምሮ መጽሐፍ የሆነው በማግስቱ ዓመት ነው። በሬዲዮ የጠፈር መርከብ ለመሥራት ግንበኛ አያስፈልግም፤ ድምፅ ይበቃል።

ይህ ዕድል በቅርቡ በጉልህ የታየው በራሱ በአንዲ ዊር ሌላ መጽሐፍ ላይ ነው። በ2021 የወጣው «ፕሮጀክት ሄይል ሜሪ» በሬይ ፖርተር ተተርኮ በማግስቱ ዓመት የኦዲ ሽልማትን የዓመቱ የድምፅ መጽሐፍ ተብሎ ወሰደ። ራይላንድ ግሬስ የተባለ ሰው ማንነቱን ረስቶ በጠፈር መርከብ ውስጥ ይነቃል። ኋላ ከሌላ ኮከብ የመጣ ፍጡር ያገኛል፤ ስሙን ሮኪ ይለዋል። ሮኪ ቃል የለውም፤ የሚናገረው በርካታ የሙዚቃ ድምፆችን በአንድ ጊዜ በማሰማት ነው።

በታተመው መጽሐፍ ላይ የሮኪ ንግግር በሙዚቃ ኖታ ምልክት ተጠቁሟል። አንባቢው ምልክቱን አይቶ ሙዚቃ መሆኑን ይረዳል፤ አይሰማውም። በድምፅ መጽሐፉ ግን ዜማው ራሱ ይሰማል። ግሬስ ድምፆቹን በኮምፒውተሩ እየመዘገበ የትኛው ድምፅ የትኛውን ነገር እንደሚወክል ሲለይ፣ አድማጩም ባዕድ የሆነውን ድምፅ ከእርሱ ጋር አብሮ ይለምደዋል። ይህን ታሪክ ከማንበብ መስማት ይሻላል የሚሉ አድማጮች የበዙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ትክክልም ናቸው። ታሪኩ ስለ መስማት ነው፤ ሮኪ ዓይን የለውም፣ ዓለሙን የሚያውቀው በድምፅ ነው።

ሌላም ስውር ምክንያት አለ። ግሬስ ምንም አያስታውስም፤ ስለዚህ ዓለሙን ከአድማጩ ጋር እኩል ከዜሮ ይማራል። «ዘ ማርሺያን»ም አብዛኛው የዋትኒ የዕለት ማስታወሻ ነው፤ ማለትም አስቀድሞ በንግግር መልክ የተጻፈ። ማብራሪያው ከግርጌ ወይም ከመጨረሻ ገጽ ሳይሆን ከታሪኩ ውስጥ ይወጣል። ካርታና መፍቻ ቢቀርም የሚጎድል ነገር የለም።

«ዱን» ተቃራኒው ነው። በ2007 የወጣው የእንግሊዝኛ ቅጂ አንዳንድ ምዕራፎቹ በብዙ ተዋንያን፣ ሌሎቹ በአንድ ተራኪ ብቻ የተቀዱ ናቸው። አንድ ገጸ ባሕርይ በአንዱ ምዕራፍ የራሱ ድምፅ ይኖረዋል፤ በሚቀጥለው ተራኪው ስለ እርሱ ይናገርለታል። በዚህ ቅጂ ላይ የሚቀርበው ዋነኛ ቅሬታ ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ለአድማጭ ድምፅ ጌጥ አይደለም። አንባቢ ሰውን በስሙ ፊደል ይለያል፤ አድማጭ በድምፁ። ድምፁ ሲለዋወጥ የገጸ ባሕርያቱ ዝርዝር እንደተቀደደ ነው። የሊዩ ሲሺን አድማጮችም በእንግሊዝኛ ሲሰሙ ዬ ዌንጂየ፣ ዋንግ ሚያው፣ ሺ ቺያንግ የሚሉት ስሞች ይምታቱባቸዋል። ቤጂንግ ላለ አድማጭ ይህ ችግር አይደለም። ስለዚህ «ስሞቹ ከባድ ናቸው» የሚል አስተያየት ከመጽሐፉ ይልቅ ስለ አድማጩ አገር ይነግረናል።

አስተያየትን መመርመር

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው አንድ የአሠራር መላ ነው። ስለ ድምፅ መጽሐፍ የተሰጠ አስተያየት ውስጥ አራት ፍርዶች ተደባልቀው ይገኛሉ፦ በድርሰቱ ላይ፣ በተራኪው ላይ፣ በቀረጻው አዘገጃጀት ላይ፣ በአደማመጡ ላይ። ሰው አራቱን አይለይም፤ ሁሉንም «መጽሐፉ» ይላቸዋል።

አራተኛው በተለይ ይዘነጋል። በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ሰዎች አንድን ጽሑፍ ድምፃቸውን አሰምተው ሲያነቡ፣ በዝምታ ሲያነቡና ሌላ ሰው ሲያነብላቸው አእምሮአቸው ምን ያህል እንደሚባዝን አነጻጸረ። በብዛት የባዘነው ሲያዳምጡ ነው። የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሥራም እየሠራ ነው። በመኪና መንገድ ሰልችቶት የሻይረርን 50 ሰዓት በፍቅር የጨረሰ ሰውና ማታ ተኝቶ በየአሥር ደቂቃው እንቅልፍ የወሰደው ሰው ስለ አንድ መጽሐፍ አልተናገሩም።

ሁለተኛውም፣ ማለትም ተራኪው፣ ብዙ ጊዜ የሚገባውን አያገኝም። የታሪክ አድማጭ ተራኪው እንዳይታይ ከፈለገ፣ በአፕልና በሌሎች መደብሮች የቀረበው በኮምፒውተር የሚሠራ ድምፅ ለምን አይበቃውም? የማይበቃው ረጋ ያለ ትረካ ባዶ ትረካ ስላልሆነ ነው። የታሪክ ጸሐፊ በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ዋናውን ምክንያት፣ በመሃል የገባ ማብራሪያና አንድ ጥርጣሬ ይጭንበታል። ጥሩ ተራኪ ማብራሪያው ላይ ድምፁን ዝቅ፣ ምክንያቱ ላይ ጠበቅ ያደርጋል፤ ዓይን ከነጠላ ሰረዝና ከቅንፍ የሚያገኘውን ጆሮ ከዚህ ያገኛል። ይህን ለማድረግ ዓረፍተ ነገሩን ከማንበብ በፊት መረዳት ያስፈልጋል።

በአማርኛ ለሚያስቀርጹም ከዚህ የሚወሰድ ነገር አለ። የታሪክ መጽሐፍ እንዳለ ከሚነበብ፣ ረጅም ጊዜ ያልተጠራ ሰው ሲመለስ ማዕረጉን ወይም አገሩን አንድ ቃል ማከል፤ የጦር ሜዳው ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት በሦስት ዓረፍተ ነገር ወንዙና ተራራው በየት በኩል እንዳሉ መናገር፤ የሰውና የቦታ ስም ከአካባቢው ተወላጅ አጣርቶ መቅዳት። እነዚህ ወጪያቸው ትንሽ ነው፤ አድማጩ ግን የሚጠፋው በትክክል በእነዚህ ቦታዎች ነው።

አድማጭም የሌላውን አስተያየት አይቶ ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። የተወቀሰው ድርሰቱ ነው ወይስ ድምፁ? ወቃሹ ስለ ዘመኑ ወይም ስለ አገሩ አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነበር? የሰማው ምን እየሠራ ነው? ናሙና የሚሰማም ከሆነ ከመክፈቻው ይልቅ ከመሃል ይሞክር፤ መክፈቻን ሁሉም ደራሲ ያሳምራል፣ ጆሮ የሚፈተነው ስሞቹ ሲበዙ ነው። አምስት ኮከብ ወይም አንድ ኮከብ ብዙ አይነግርም። ከሁሉ የሚጠቅመው የት ላይ ሐሳቡ እንደጠፋበት የሚጠቁም አድማጭ ነው፤ እርሱ የጠፋበትን ቦታ ካወቅን ቀጣዩ አድማጭ ወረቀት ይግዛ ወይስ ጆሮ ማዳመጫ ያድርግ፣ መልስ ልንሰጠው እንችላለን።